ተቀበል፦ አዝማሪና አድማጩ

አዝማሪ ማሲንቆ እየመታ ግጥሙን በሰው ፊት የሚፈጥር ዘፋኝ ነው። ሙያው በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋና በትግራይ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ጎንደር አጠገብ ያለችው ቡርቦክስ፣ ነዋሪዎቿ በዚሁ ሙያ ስለሚታወቁ የአዝማሪ መንደር ትባላለች። የአገሪቱ የባህል ሙዚቃ በአዝማሪ አያልቅም። ዶርዜዎች በብዙ ድምፅ እየተቀባበሉ የሚያዜሙት ዘፈን፣ የዲራሼዎች የፊላ ጨዋታ፣ የእረኛ ዋሽንት፣ የለቅሶ ሙሾ፣ ሁሉም የየራሱ ወግ አለው። ይሁን እንጂ ከልቡ የሚዘፍን የባህል ዘፋኝ ምን ዓይነት ነው፣ ነገስ ምን ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ በአዝማሪ ላይ ጎልቶ ይታያል። አዝማሪ እንጀራውን የሚበላው በዘፈኑ ነውና፤ እንጀራው ደግሞ በዚያች ሰዓት ፊቱ በተቀመጠው ሰው እጅ ነው።

ማሲንቆ ሲያዩት ቀላል መሣሪያ ነው። በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥን፣ በሣጥኑ ላይ የተወጠረ ቆዳ፣ ረጅም አንገት፣ ከአንገቱ ጫፍ አንድ መቃኛ፣ ከመቃኛው እስከ ታች የሚወርድ አንድ ጅማት። አንድ ይባል እንጂ ጅማቱ ብዙ የፈረስ ጭራ በአንድነት ተይዞ የተሠራ ነው። ደጋኑም የሚወጠረው በፈረስ ጭራ ሲሆን፣ እንዳያዳልጥና ድምፅ እንዲያወጣ ሙጫ ወይም ዕጣን ይታሻል። የግራ እጅ ጣቶች ጅማቱን ከአንገቱ እንጨት ጋር አያጣብቁትም፤ ነካ አድርገው ብቻ ያሳጥሩታል። ስለዚህ በፒያኖ ላይ እንዳለው ቁርጥ ያለ የድምፅ ደረጃ የለውም፤ ጣት በትንሹ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር ድምፁ ይለወጣል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ ዋና ቅኝቶች፣ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ይዘው በዚህችው አንዲት ጅማት ይወጣሉ። ከመካከላቸው ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች ነው። ጥሩ ማሲንቆ መቺ በእነዚህ አምስት ድምፆች መካከል ያለውን ክፍተት በጣቱ እየተንሸራተተ ይሞላዋል፤ ጉሮሮውም ይህንኑ ይከተላል። ሰሚው የቱ ድምፅ ከሰው፣ የቱ ከቆዳና ከጭራ እንደ ወጣ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

የጨዋታው ሥርዓት ግን ከመሣሪያው ይልቅ ረቂቅ ነው። በአዝማሪ ቤት ምሽቱ ሲጀምር አዝማሪው ቶሎ ወደ ግጥም አይገባም። ማሲንቆው መግቢያውን ሲያንጎራጉር ዓይኑ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፦ ማን ከማን ጋር መጣ፣ ማን አዲስ ልብስ ለብሷል፣ ማን አኩርፏል፣ ማን ቶሎ ይስቃል። የእንግዳውን ስምና አገር ከአስተናጋጇ ወይም ከጓደኞቹ በጆሮው ያገኛል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያ እንግዳ በስሙ ይነሣል፤ አንድም ይወደሳል፣ አንድም ይነካል። የተነካው ሰው ወይም ጓደኛው ሳቁን ጨርሶ «ተቀበል!» ይላል። የጨዋታው በር የሚከፈተው ያኔ ነው። እንግዳው ስንኙን በንግግር ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ስንኙ ከረዘመ ያሳጥረዋል፣ ካጠረ ቃል ያክልበታል፣ ቤት ካልመታ ደግሞ ጉድለቱ እንዳይታወቅ አድርጎ ያሳልፈዋል። እንግዳው ያበላሸውን ማሳመር ከሙያው ጨዋነት አንዱ ነው። ይህን ጊዜ ማዶ ያለው ጠረጴዛ የመልስ ስንኝ ያዘጋጃል። አብራ የምትሠራው ሴት ዘፋኝ ከበሮ እየመታች ወይም እየጨፈረች ትቀጥላለች። ብር በግንባር ላይ ይለጠፋል፣ አንዳንዱም በማሲንቆው አንገት ላይ ይሰካል። አንድ ምሽት እንዲህ ሲያልፍ ከተነገረው ግጥም እኩሌታው የአዝማሪው አይደለም፤ የቤቱ ነው።

ከልብ መዝፈን የሚባለውን ነገር መመርመር የሚቻለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። አዝማሪ ለገንዘብ ያወድሳል፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ የሚወደሰውም ያውቃል፣ የሚሰማውም ያውቃል። ስለዚህ ቅንነቱን በዘፈነው ምስጋና እውነትነት መለካት አይቻልም። ያን ያህል ውዳሴ የሚገባው ሰው በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ቤት፣ ሰባት ስምንት አይገኝም! አድማጩ አዝማሪውን የሚመዝንበት ሌላ ሚዛን አለው፤ ግጥሙ ለዚያ ሰው የተሰፋ ነው ወይስ ለመጣው ሁሉ የሚወረወር ጋቢ? ልብ የሌለው አዝማሪ በቃሉ የያዛቸውን ሠላሳና አርባ ስንኞች ስም እየቀየረ ያዞራቸዋል። ባለሙያው የእንግዳውን ነገር አይቶ፣ ያየውን ብቻ ይናገራል። ምስጋናው ተከፍሎበታል፤ ማየቱ ግን የራሱ ነው። አድማጭ «ይኼስ አዝማሪ ነው» ብሎ ራሱን የሚነቀንቀው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው።

ለዚህ የሚያገለግለው ዋናው ብልሃት ሰምና ወርቅ ነው። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ቋንቋ ነው፤ «ማር» ሲባል የንብ ማር ሊሆን ይችላል፣ ምሕረት አድርግ ማለትም ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ ላይ ተለያይተው የሚታዩ ሁለት ቃላት በዜማ ሲሳቡ ገጥመው ሌላ ቃል ይወልዳሉ፤ የሚጠብቀው ፊደል ላልቶ ሲዘፈን ትርጉሙ ይገለበጣል። አዝማሪው ቃሉን የት ላይ ቆርጦ ትንፋሽ እንደሚወስድ ያውቃል። ወርቁን የሚያወጣው ግን አድማጩ ነው። የተቀመጠው ሰው ካልገባው ግጥሙ ሰም ሆኖ ይቀራል፤ ከገባው ግን ሳቁ ወይም ዝምታው ከማሲንቆው ድምፅ ጋር ገብቶ የጨዋታው ክፍል ይሆናል። አዝማሪ ያለ አዋቂ አድማጭ ግማሽ ነው የሚባለው ለማጋነን አይደለም። የባህል ሙዚቃ ነገ ሲነሣ መሣሪያው፣ ዜማውና ልብሱ ብቻ እየታሰቡ ይህ ሌላኛው ግማሽ መረሳቱ የነገሩ ሁሉ ድካም ነው።

ያየውን የሚናገር ሰው ዋጋ ይከፍላል። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ላይ ከካሳ ኃይሉ፣ ከኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ሲዋጉ፣ በጎሹ በኩል ሆኖ ካሳን በግጥም ያዋረደ አዝማሪ እንደ ነበረ ይተረካል። ጎሹ በውጊያው ሞቱ፤ አዝማሪው ተማርኮ በድል አድራጊው ፊት ቀረበ፣ በዱላም ተቀጥቅጦ ሞተ ይባላል። የዘፈነው ለጌታው ነበር፤ የተጠየቀው ግን በራሱ አንደበት ነው። ከዚያ የከፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ በአዲስ አበባና በየአውራጃው ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲረሸኑ ታዘዘ። ወራሪው አዝማሪን ከነዚያ ጋር የደመረው ስለ ዜማው ተጨንቆ አይደለም፤ በየገበያው እየዞረ የጣሊያን መንግሥት ዕድሜ አጭር ነው የሚል ወሬ የሚዘራ ሰው ሆኖ ስላገኘው ነው። ጋዜጣ ለማያነብ ሕዝብ አዝማሪ ወሬ ነጋሪም፣ ተቺም፣ አዋጊም ነበር። በዘመቻ ጊዜ ከሠራዊቱ ጋር ይሄዳል፤ በፉከራና በሽለላ ፈሪውን ያሳፍራል፣ የደፈረውን በስሙ ያነሣ ነበር።

ይህን ያህል ሥራ የሠራ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ የነበረው ቦታ ግን ዝቅተኛ ነው። ከሸማኔ፣ ከቀጥቃጭና ከሸክላ ሠሪ ጋር አብሮ ተንቋል። ባለርስት ልጁን ለአዝማሪ ልጅ አይድርም ነበር፤ «አዝማሪ» የሚለውም በጨዋ ቤት ስድብ ሆኖ ኖረ። አዝማሪዎች እርስ በርስ መጋባታቸውና ሙያውን በቤተሰብ ማቆየታቸው በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ሌላ ሰው የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋም አበጅተዋል። የአማርኛን ቃል ፊደል እየጨመሩና እየለወጡ፣ አንዳንድ ቃልም ከራሳቸው እየፈጠሩ፣ በጌታው ፊት ቆመው ስለ ጌታው ይነጋገሩበታል። የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የምስጢር ቋንቋዎች ጥናት ውስጥ ይህን የአዝማሪ ቋንቋ አካተውታል። ከአዝማሪ ይልቅ የተገለሉት ደግሞ ላሊበላዎች ወይም ሐሚናዎች የሚባሉት ናቸው። እነርሱ ጎሕ ሳይቀድ በሰው ደጅ ቆመው፣ ባልና ሚስት እየተቀባበሉ፣ ያለ መሣሪያ የባለቤቱን ስም እያነሡ ያዜማሉ፤ ምጽዋት ሲሰጣቸው መርቀው ይሄዳሉ። ይህን ካቋረጡ ቁምጥና ይወርድባቸዋል የሚል እምነት ከዘራቸው ጋር ተያይዞ ይነገራል። ጎረቤት አስቀድሞ እየጠየቁ የቤቱን ሰው ስም አጥንተው መምጣታቸው የአዝማሪውን ብልሃት ያስታውሳል። በከተማ የአጥር ቁመት በጨመረና ፎቅ በበዛ ቁጥር የላሊበላዎች ድምፅ እየራቀ ሄዷል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ለተኛ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ማዜም አይቻልም።

በሃያኛው መቶ ዓመት የአዝማሪ ሙያ ወደ መድረክ ወጣ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሊወር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ተቋቋመ። ከነፃነት በኋላ ማኅበሩ ቴአትር ቤት ሲሆን ማሲንቆና ክራር መቺዎች ደመወዝተኛ ሆኑ። ለአዝማሪ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በግንባሩ ላይ ከሚለጠፍ ብር ወደ ወር ደመወዝ መሻገር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ትውልደ ግብፁ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። ከየብሔረሰቡ የተውጣጡ ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንትና እንቢልታ ተጫዋቾች በአንድ መድረክ ተቀመጡ፤ በኋላም ተስፋዬ ለማ ቡድኑን መሩት። የዚያ ቡድን ማሲንቆ መቺ ጌታመሳይ አበበ ሲሆኑ፣ የሰላም ጓድ ሆኖ የመጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ሰተን ማሲንቆ የተማረው ከእሳቸው ነው። ኦርኬስትራው የሠራው ሥራ ዛሬም ሲሰማ ያስደንቃል። ግን አንድ ነገር ለወጠ፤ አድማጩ በጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ሲያበቃ የሚያጨበጭብ ሰው ሆነ። ከጨለማው ውስጥ «ተቀበል» የሚል የለም።

ከመድረኩ ዘመን የአዝማሪን መንፈስ ሳትለቅ ያለፈችው አስናቀች ወርቁ ናት። ተዋናይትም ክራር መቺም ነበረች። ክራሯን ይዛ ስትዘፍን ግጥሙን እንደ ሁኔታው ትቀያይረዋለች፤ በራሷ ታሾፋለች፣ ያፈቀረችውን ትከሳለች፣ ያፈቀራትንም አትምርም። ለሴት ያልተፈቀደውን ቃል በሰምና ወርቅ ጠቅልላ ስለምትናገር ተሳዳቢዎቿም አድማጮቿ ነበሩ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። ከእሷ ጋር ማሪ አርምዴ፣ ካሳ ተሰማ፣ ከጎንደር ወገን ይርጋ ዱባለ የሚነሡት ሁሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ድምፃቸው ሲሰማ ከፊታቸው ሰው ያለ ይመስላል። ይህ በቀላሉ የሚገኝ ጸጋ አይደለም።

የቀረጻ ታሪክ ሌላው ትልቅ ለውጥ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ በንግድ ከታተሙት የኢትዮጵያ ዘፈኖች የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው። የሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት አራት ደቂቃ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚሄድ ጨዋታ እዚያ ውስጥ ሊገባ አይችልም፤ ስለዚህ መግቢያው ያጥራል፣ ግጥሙ አስቀድሞ ይቆረጣል፣ መልስ ሰጪው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጠ። ወጣቱ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ፤ የዘመናዊው ዘፈን ወርቃማ ዘመን የሚባለው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በደርግ ጊዜ የካሴት መምጣት የባህል ዘፈንን በየክፍለ ሀገሩ አዳረሰ፤ በየከተማው ያለ ሙዚቃ ቤት በሁለት ቴፕ አባዝቶ ይሸጥ ነበር። በካሴቱ ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ጽሑፍ ተለመደ። ሕዝብ ገንዘብ አይጠይቅምና ለአሳታሚ የሚመች ጽሑፍ ነው።

በዚያው ዘመን የሌሊት ጨዋታ በሰዓት እላፊ ታፍኖ ነበር። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ሰዓት እላፊው ሲነሣ በአዲስ አበባ የአዝማሪ ቤቶች እንደ አዲስ በቀሉ፤ ካዛንቺስና ዳትሰን ሰፈር በተለይ ታወቁበት። ጠባብ ቤት፣ በግድግዳው ላይ ቆዳና ስፌት፣ ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ ጠጅና ቢራ። ከገጠር የመጡ አዝማሪዎች እዚህ ስለ ከተማው ኑሮ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ባለሥልጣን፣ ከውጭ ስለ መጣ ዘመድ ይገጥሙ ጀመር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ባወጡት «ኢትዮፒክ» በተባለው የሲዲ ተከታታይ ሁለተኛው ክፍል ለእነዚህ የከተማ አዝማሪዎች፣ አሥራ ስድስተኛው ደግሞ ለአስናቀች ወርቁ ተሰጥቷል። የካዛንቺሱ ፈንዲቃም ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ በተወዛዋዡ በመላኩ በላይ እጅ የሥዕልና የሙዚቃ ማዕከል ሆነ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ያ ቤትም ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ። የአዝማሪ ቤት ትርፍ ያለው በርካሽ ኪራይና በቅርብ ጎረቤት ነው። አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ሁለቱንም አይሰጡም፤ ሰፊ የባህል ምግብ ቤት ግን ይሰጣሉ።

የባህል ምግብ ቤቱ የአዝማሪ አዲሱ አሠሪ ነው። ክፍያው የተሻለ፣ ሰዓቱም የታወቀ ነው። እንግዳው ግን ብዙ ጊዜ ወይ የውጭ አገር ሰው ነው፣ ወይ የመሥሪያ ቤት እራት የሚበላ ነው። መርሐ ግብሩ በየሃያ ደቂቃው ብሔረሰብ እየቀየረ ይሄዳል፤ ተወዛዋዦቹ ልብስ ለመቀየር ሲሮጡ ክፍተቱን የሚሞላው ማሲንቆው ነው። በአዳራሽ የሠርግ ድግስም ኪቦርዱና ድምፅ ማጉያው ስለሚበረታ፣ ማሲንቆው ማይክ ካልተሰካበት አይሰማም። ማይክ መሰካቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ መሣሪያ ሁሉ ዘመኑን ይከተላል። ሙላቱ አስታጥቄም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቆይታው ክራርን ለማዘመን ሠርቷል። ችግሩ ያለው ኪቦርዱ የራሱን የድምፅ ደረጃ ይዞ ሲመጣ ነው። ማሲንቆው ለእሱ ሲል በጣቱ የሚያወጣቸውን ረቂቅ ድምፆች ይተዋል፤ በየስቱዲዮው የሚሠራው «የባህል ዘፈን» አንዱ ከሌላው የማይለየውም በከፊል በዚህ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ፍርሃት ነው። ዛሬ በአዝማሪ ቤት የሚሰነዘር ነገር ሁሉ በስልክ ይቀረጻል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ሰው የተባለ ቀልድ በነጋታው በቲክቶክ ለሺዎች ይደርሳል። የተሰደበው ያ ሰው ሳይሆን አገሩ ወይም ወገኑ ይመስላል። ጨዋታው ቆሞበት የነበረው መግባባት፣ እዚህ የተባለው እዚህ ይቀራል የሚለው፣ ፈርሷል። ስለዚህ ልምድ ያለው አዝማሪ ስንኙን ያለዝባል፤ ልምድ የሌለው ደግሞ ወደ ልማደኛ ውዳሴ ይሸሻል። የብሔር ጉዳይ በአገሪቱ ባየለበት ጊዜ የአዝማሪን ምላስ የሚይዘው ሳንሱር ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ ያለው ሰው የማን ወገን እንደ ሆነ አለማወቁም ነው። በሌላ በኩል ስልክ ጠቅሟል። ቀድሞ ከጎጃም ወረዳ ያልወጣ ማሲንቆ መቺ ዛሬ በዩቲዩብ ዋሽንግተን ላይ ይታወቃል፤ ለሠርግም ይጠራል።

በውጭ አገር ያለው ማኅበረሰብ ለሙያው እውነተኛ ገበያ ነው። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭና በአውሮፓ ከተሞች ሠርግና የበዓል ድግስ ያለ ማሲንቆ አይደምቅም። ለንደን ላይ የተመሠረተው የተመስገን ዘለቀ «ክራር ኮሌክቲቭ» ደግሞ ክራርን ለማያውቁ አድማጮች በራሱ መንገድ አቅርቧል። ቅር የሚያሰኘው የሁለተኛው ትውልድ ነገር ነው። እዚያ የተወለደው ልጅ እስክስታውን ያውቃል፣ ትዝታን ሲሰማ ልቡ ይነካል፤ ግጥሙ ሲጠመዘዝ ግን አብሮ አይጠመዘዝም። አዝማሪው ይህን ቶሎ ይረዳል፤ ከቅኔው ይቀንስና ምቱን ያፈጥናል።

የሕጉን ነገር ካነሡ አዝማሪ ከሁሉም በላይ የተጎዳው እዚህ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ከመሆኑ በላይ በጽሑፍ፣ በቀረጻ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ሲያገኝ እንደ ሆነ ይደነግጋል። አዝማሪ በጨዋታ መካከል የፈጠረው ስንኝ በተፈጠረበት ቅጽበት አየር ላይ ነው። ስልኩን ያወጣ እንግዳ ቢቀርጸውና ሌላ ዘፋኝ ወስዶ ቢያሳትመው፣ ግጥሙ የእኔ ነው ለማለት ማስረጃ ያጣል። አዋጁ ለከዋኞች የተለየ መብት ሰጥቷል፤ ክዋኔያቸው ያለ ፈቃዳቸው እንዳይቀረጽ ሊከለክሉ ይችላሉ። ማሲንቆውን ይዞ ሃያ ስልክ ፊት የቆመ ሰው ግን ይህን መብት በምን ይጠይቃል? አዋጁን ያሻሻለው ቁጥር 872/2007 የሮያልቲ ገንዘብ በጋራ አስተዳደር ማኅበራት በኩል እንዲሰበሰብ መንገድ ከፍቷል። የዚህ አሠራር ተጠቃሚ የሚሆነው በቅድሚያ ስሙ በአልበም ላይ የተጻፈ ዘፋኝ ነው። ለአዝማሪ የሚበጀው ቀላል ነገር ነው፤ የሚያጫውተው ቤት በየሌሊቱ የሚቀርጸውን ቀን፣ ቦታና ስም ጽፎ ቢያስቀምጥለት ለክርክር የሚሆን ማስረጃ ይኖረዋል።

ኢትዮጵያ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2023 ያስመዘገበቻቸው መስቀል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ የገዳ ሥርዓት፣ ጥምቀትና የሐረር ሹዋሊድ ናቸው። በሁሉም ውስጥ ዘፈንና ዝማሬ አለ፤ አዝማሪ በራሱ ስም ግን የለም። መመዝገብ ያስከብራል፤ ብቻውን ግን ጨዋታ አያስነሣም። በዚህ ረገድ ከአዝማሪ ይልቅ የበገና ታሪክ ያስተምራል። አሥር አውታር ያለው በገና በደርግ ጊዜ እየተረሳ ሄዶ ነበር፤ ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምሩት የነበረው ክፍልም ተቋረጠ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ግን በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየግል ማሠልጠኛው ወጣቶች በብዛት መማር ጀመሩ፤ ዛሬ በዐቢይ ጾም በሬዲዮና በየቤቱ የበገና ድምፅ አይታጣም። በገና የተመለሰው ወቅት ስላለው፣ ቃሉን የሚያውቅ ሰሚ ስላለውና መማሩ የሚያስከብር ስለ ሆነ ነው። ማሲንቆ ሦስተኛውን በከፊል አግኝቷል፤ ያሬድ ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ ከአዝማሪ ቤተሰብ ያልተወለደ ልጅ፣ ሴት ልጅም ጭምር፣ ሳያፍር ይማረዋል። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ አዝማሪ በእንግሊዝኛ በጻፉት ጥናት ላይ ባለቅኔ ሙዚቀኛ ብለው የጠሩት በምክንያት ነው። ትምህርት ቤቱ ጣትን ያሠለጥናል፤ ቅኔውን ግን ጣት አያወጣውም። የማሲንቆ ተማሪ ግጥም በቅጽበት መግጠምን እንደ አንድ ትምህርት ቢወስድ፣ ተመልካች ተማሪዎችም ስንኝ እየወረወሩ ቢፈትኑት፣ በጎንደር የአዝማሪ ልጅ በሰባትና በስምንት ዓመቱ በመንገድ ላይ ከሚያገኘው ሥልጠና ጥቂቱን ያገኛል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ በፊልም ያስቀሯቸው የጎንደር ሕፃናት አዝማሪዎች ሥልጠናቸው አላፊ አግዳሚው ነው፤ ያልሳቀ ሰው ብር አይሰጥም።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መምህርም እዚህ ላይ ድርሻ አለው። ሰምና ወርቅ በትምህርት ቤት የሚሰጠው ለፈተና ነው፤ ሰሙ ይህ ነው፣ ወርቁ ይህ ነው ተብሎ ይጻፋል። ተማሪው ራሱ ሁለት ስንኝ ገጥሞ ጓደኛው ወርቁን እንዲፈልግ ቢደረግ፣ በሃያ ዓመቱ አዝማሪ ቤት ሲገባ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የሬዲዮ ጣቢያም በባህል ዘፈን ሰዓት ሙሉ ዘፈን ከመደርደር ይልቅ አዝማሪ ስቱዲዮ አስገብቶ አድማጭ በስልክ ስንኝ እንዲያቀብል ቢያደርግ ወጪው ጥቂት ነው።

የቀረው የማኅደር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሙዚቃ መሣሪያዎችን በሙዚየሙ ይዟል። በተቋማትና በሬዲዮ ጣቢያ ያሉ የሪል ክሮች፣ በየሙዚቃ ቤቱ የቀሩ ካሴቶች ወደ ዲጂታል መዞር አለባቸው፤ የካሴት ማግኔት በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል። አዲስ የሚቀረጸው ደግሞ በሌላ መንገድ ቢቀረጽ ይሻላል። እስካሁን አብዛኛው ቀራጭ የሰውን ሁካታ ለማራቅ ሲል አዝማሪውን ለብቻው ጸጥ ባለ ክፍል ያስቀምጣል። ድምፁ ጥርት ይላል፤ ጨዋታው ግን የለም። ሁለት ማይክ ይበቃል፤ አንዱ ወደ ማሲንቆው፣ አንዱ ወደ ጠረጴዛዎቹ። ከቀረጻው ጋር የአዝማሪው ስም፣ የተማረበት ሰው፣ ቅኝቱ፣ የቤቱ ስምና ቀኑ ይጻፋል። ስንኙን ያቀበለው እንግዳም «ተቀበል» ካለበት ደቂቃ ጋር ይመዘገባል፤ ፈቃደኛ ከሆነ በስሙ፣ ካልሆነም «ከሦስተኛው ጠረጴዛ» ተብሎ።